የግራንድ ባንክስ ናዳ በባሕር ወለል ላይ የተወው ደለል

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1929 ከካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወዲያ፣ ግራንድ ባንክስ ከሚባለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ክፍል በስተደቡብ፣ መጠኑ 7.2 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። መንቀጥቀጡ ራሱ በየብስ ላይ ያስከተለው ጉዳት ያን ያህል አልነበረም፤ በባሕሩ ተዳፋት ላይ ተከማችቶ የኖረው ደለል ግን ተናደ፣ ናዳውም ሱናሚ አስነሥቶ በአብዛኛው በኒውፋውንድላንድ ቡሪን ባሕረ ገብ መሬት የሚኖሩ 28 ሰዎችን ገደለ። በዚያው ምሽትና ሌሊት በአትላንቲክ ወለል ላይ የተዘረጉ 12 የቴሌግራፍ ገመዶች ተበጠሱ።

ስለ ጥልቅ ባሕር ናዳዎች ባነበብሁ ቁጥር ወደዚህ ክስተት የምመለሰው በእነዚህ ገመዶች ምክንያት ነው። ለመንቀጥቀጡ ማዕከል የቀረቡት ወዲያውኑ ሲበጠሱ፣ ከተዳፋቱ በታች ያሉት ደግሞ እንደ ርቀታቸው ተራ በተራ ተቋረጡ፤ የመጨረሻው የተበጠሰው ከ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ በኋላ ነበር። የቴሌግራፍ ኩባንያዎቹ የእያንዳንዱን መቋረጥ ሰዓት መዝግበው ስለ ነበር፣ የባሕር ወለል ተመራማሪዎቹ ብሩስ ሂዘንና ሞሪስ ዩዊንግ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተሙት ጥናት መዝገቡን ከቦታዎቹ ርቀት ጋር አያይዘው፣ ገመዶቹን የቆረጣቸው ክረምት ላይ ደፍርሶ እንደሚወርድ ወንዝ ጭቃና አሸዋ ተሸክሞ ቁልቁል የሚምዘገዘግ የባሕር ሥር ጎርፍ መሆኑን አስረዱ። ፍጥነቱ በተዳፋቱ ላይ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ዕድሜውም ፍጥነቱም በዚህ መጠን የታወቀ የጥልቅ ባሕር ክምችት እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ የዚህ ደለል ካርታ ሌሎቹን ለማንበብ መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

ካርታውን መሥራት ግን ቀላል አይደለም። የቅኝት መርከብ ከሥሯ ወደ ወለሉ ብዙ የድምፅ ጨረሮችን በአንድ ጊዜ ትልካለች፤ ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከ4,000 ሜትር ጥልቀት ደርሶ ለመመለስ ከ5 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ችግሩ ስፋቱ አንድ ዲግሪ የሆነ ጨረር በዚያ ጥልቀት ወለሉን ሲመታ 70 ሜትር ያህል የሚሸፍን መሆኑ ነው፤ ከናዳው ጋር የተንከባለለ ቤት የሚያህል ቋጥኝ ቢኖር እንኳ በካርታው ላይ ለብቻው አይታይም። ስለዚህ ወደ ወለሉ ተጠግቶ በረጅም ገመድ የሚጎተት ሶናር፣ ማለትም በድምፅ የሚቃኝ መሣሪያ፣ ያስፈልጋል። ከግራንድ ባንክስ በታች ባለው፣ የሎሬንሺያን ማራገቢያ በሚባለው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ የደለል ክምር ሸለቆ ውስጥ ጎርፉ ጠጠሩን በሞገድ ቅርጽ እየደረደረ ማለፉ የታወቀው በእንዲህ ያለ የቅርብ ቅኝት ነው።

ከወለሉ በታች ያለውን ለማየት ደግሞ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው፣ ጭቃውን ሰንጥቆ የሚገባ ድምፅ ይላካል። በዚህ ምስል ላይ በእርጋታ የሰፈረ ደለል በቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ሲታይ፣ የፍርስራሽ ጎርፍ፣ ማለትም ጭቃና ጓል ተደባልቆ በጅምላ የሚወርድ ናዳ፣ የተወው ክምችት ግን ውስጡ መስመር አልባ፣ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ ባዶ ግራጫ ሆኖ ይቀርባል። መስመሮቹ የት ላይ እንደሚቆረጡ መለየት የባለሙያውን ዓይን ይጠይቃል፤ ሁለት ሰዎች የአንዱን ክምችት ድንበር በተለያየ ቦታ ቢያሰምሩ አያስደንቅም። ለዚህም ነው በቱቦ የሚወጣው የደለል ናሙና የግድ የሚሆነው። ቱቦው ለሁለት ሲሰነጠቅ የፍርስራሽ ጎርፍ በጭቃ ውስጥ ያለ ሥርዓት በተበተኑ የሸክላና የጠጠር ጓሎች ይታወቃል፤ ደፍራሹ ጎርፍ የተወው ንጣፍ ግን ከታች ሻካራ አሸዋ ሆኖ ወደ ላይ እየላመ ይሄድና በደቃቅ ጭቃ ያበቃል። ሁለቱን በአንድ ቀለም የሚቀባ ካርታ ገመድ ለሚዘረጉ መሐንዲሶች አሳሳች ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንደኛው ተዳፋቱ የተናደበትን አካባቢ ሲያመለክት፣ ሌላኛው ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ ሊገኝ ይችላል። ዛሬ በአህጉራት መካከል የሚጓዘው የኢንተርኔት መረጃ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚገባውም ጭምር፣ በባሕር ወለል ገመድ የሚያልፍ በመሆኑ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የግራንድ ባንክስ ካርታ ያሳየው ነገር ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነበር። ሶም በሚባለው የጥልቅ ባሕር ሜዳ ላይ የተዘረጋው ደለል ከ150 ኪሎ ሜትር ኩብ በላይ ሆኖ ሳለ፣ ይህን ሁሉ የለቀቀ አንድ ግዙፍ የመገንጠያ ገደል በተዳፋቱ ላይ አልተገኘም፤ የተገኘው ሰፊ ቦታን የሸፈነና በብዙ ሥፍራ የላይኛውን ስስ ደለል ብቻ የገፈፈ ናዳ ነው። ስስ ናዳ ያን የሚያህል ሱናሚ ማስነሣት ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄም ከዚህ ተወለደ፤ በቅርብ ዓመታት የተካሄዱ ጥናቶች ደግሞ በቅዱስ ፒየር ተዳፋት ሥር ጥልቀት ያለው የደለል መንሸራተትም አብሮ እንደ ነበረ ያመለክታሉ።

በተዳፋቱና በሸለቆዎቹ የሚቀረው ሥራ ወደ ታች መውረድ ነው። ከ1929ኙ ንጣፍ ሥር የቀደሙ ንጣፎች አሉ፤ በመካከላቸው በእርጋታ ከሰፈረው ጭቃ ውስጥ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት ዛጎል ይለቀምና በራዲዮካርቦን ዕድሜው ይለካል። ዛጎሉ የሚወሰደው ከንጣፉ ውስጥ ሳይሆን ከበላዩና ከበታቹ ካለው ጭቃ ነው፤ በጎርፉ የመጣው ዛጎል ከሌላ ቦታ የተጠራረገና ከናዳው በብዙ ሺህ ዓመት የሚበልጥ ሊሆን ይችላልና።