የፓክ-12 ነገር እና የኛ ቤት ጭቅጭቅ

ሲያትል መጥቼ ለመልመድ ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ነገር የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ነው፣ በተለይ ፉትቦል የሚሉት፣ የአሜሪካኑ እንጂ የኛ እግር ኳስ አይደለም። ተማሪ ከተማሪ ለሚጫወተው 70 ሺህ ሰው ስታዲየም ይገባል እንዴ እያልኩ ስገረም ቆይቼ ራሴም የሀስኪስ፣ የሲያትሉ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ደጋፊ ሆንኩና አረፍኩት። ልጄ ደሞ እዚሁ ስቴት ምሥራቅ ዳር ያለችው ፑልማን ከተማ ሄዶ ዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ኩገር ነኝ ይላል (የቡድናቸው ስም ነው)፣ እና ሁለቱ ቡድኖች በየዓመቱ የሚገናኙበት አፕል ካፕ በመጣ ቁጥር ሰላም የለንም። በፈረንጆቹ 2025 እዛው ሜዳቸው ላይ 59 ለ 24 ስናሸንፋቸው ስልክ አላነሳልኝም፣ ከዛ በፊት በነበረው በ2024 ግን 24 ለ 19 ሲያሸንፉን ሲደውልልኝ ነው ያመሸው።

አሁን ግን የምንከራከረው ስለ ጌሙ አይደለም። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚጫወቱ ዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ውስጥ ነበሩ፣ ፓክ-12፣ ዘሩ ከ1915 ጀምሮ ነው። በ2022 ሰኔ የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲ እና ዩሲኤልኤ ወደ ሌላው ኮንፈረንስ፣ ወደ ቢግ ቴን እንሄዳለን አሉ። ሎስ አንጀለስን ያህል የቲቪ ገበያ ይዘው ሲወጡ የተቀሩት ዋጋቸው ወረደ፣ በ2023 ሐምሌ ኮሎራዶ ወጣ፣ ከዛ ኦገስት 4 ቀን ባንድ ጀምበር አምስት፣ ኦሪጎንና የኛው ሀስኪስ ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ 12 ኮንፈረንስ። ስታንፎርድና በርክሌይ ደሞ ፓሲፊክ ዳር ተቀምጠው የአትላንቲክ ዳሩ ኮንፈረንስ ውስጥ ገቡ። የቀሩት ዋሽንግተን ስቴትና ኦሪጎን ስቴት ብቻ። የሚገርመው ደሞ ፓክ-12 የሞተው በምርጥ ዓመቱ ነው፣ ሀስኪስ ሳይሸነፍ እስከ ሻምፒዮናው ደርሶ በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፈ፣ ሚሺጋን ማለት አዲሱ የሊግ ጓደኛችን ነው እንግዲህ።

ልጄ "ከዳችሁን" ይለኛል። እኔ መጀመሪያ የከዱት የሎስ አንጀለሶቹ ናቸው ባይ ነኝ። ፓክ-12 ጠረጴዛው ላይ የቀረለት ጌሞቹን የሚያሳየው የአፕል ኩባንያ ውል ነበር፣ ገንዘቡ ከፍሎ በሚያየው ሰው ቁጥር የሚወጣ የሚወርድ፣ ወዲያ ማዶ ደሞ ቢግ ቴን ከቲቪ ጣቢያዎቹ ከፎክስ፣ ከሲቢኤስና ከኤንቢሲ ጋር በ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተፈራርሟል። ሀስኪስ ከነባሮቹ ያነሰ ድርሻ ተቀብሎ ነው የገባው። በ1984 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፉትቦሉን የቲቪ መብት ከኤንሲኤኤ (የዩኒቨርሲቲ ስፖርት የበላይ አካል) እጅ ካወጣው ወዲህ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ ራሱን ሻጭ ነው፣ ነጋዴን ለምን ነገድክ አይባልም።

እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ፉትቦል በሳምንት አንዴ ነው የሚጫወተው፣ ቻርተር አውሮፕላን አለው፣ አገር አቋርጦ ኒው ጀርሲ ሄዶ ቢመለስ ብዙም አይጎዳም። ሯጮቹም ቢሆኑ የኮንፈረንስ ውድድራቸው በሲዝን አንዴ ነው። ቮሊቦልና ሶፍትቦል የሚጫወቱት ልጆች ግን በሳምንት ሁለቴ ሶስቴ ጌም አላቸው፣ ፈተና አላቸው፣ ቲቪው የሚፈልጋቸውም በስንት አንዴ ነው፣ ፉትቦሉ በፈረመው ውል እነሱ አገር ያቋርጣሉ። ተረስተው ቀሩ የተባሉት የፑልማን ልጆች ደሞ እስከ 2026 ዌስት ኮስት ኮንፈረንስ ገብተው ጎረቤታቸው ስፖኬን ከተማ ያለውን ጎንዛጋ ዩኒቨርሲቲን በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ሄደው ይጫወታሉ! ማን እንደተጎዳ ግራ ይገባል።

እሱን ስለው ይናደዳል፣ እውነቱን ነው፣ ገንዘቡ ስለቀረባቸው በ2025 ሰኔ ከአትሌቲክሱ ዝላይና ውርወራን ሰርዘው በረጅም ርቀት ላይ እናተኩራለን ብለዋል። "አባዬ ለሀበሻ ጥሩ ነው" ብሎ ቀለደብኝ፣ እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ጦር ወርዋሪው ልጅ የት ይሂድ?

ደሞ ከ2026 ጀምሮ ፓክ-12ን እንደገና ለመሙላት ተዋዋሉ። ቦይዚ ስቴት፣ ፍሬስኖ ስቴት፣ ሳንዲያጎ ስቴት፣ ኮሎራዶ ስቴትና ዩታ ስቴት፣ አምስቱም ማውንቴን ዌስት ከሚባል ኮንፈረንስ የተወሰዱ፣ ከሌላ ቦታ ደሞ ቴክሳስ ስቴትና ጎንዛጋ። ታዲያ እናንተስ ምን አደረጋችሁ፣ የተደረገባችሁን ሌላው ላይ አደረጋችሁ አይደል ስለው "ምን አማራጭ ነበረን" አለ። እኔም ሀስኪስ ሲወጣ ይቺኑ ነበር የምለው፣ ስለዚህ ዝም አልኩ።

ፉትቦሉን ለብቻው ሊግ ሰርተው እስከፈለጉበት ያብርሩት፣ ሌላውን ስፖርት ግን ከጎረቤቱ ጋር ይመልሱት። በዚህ እንኳን ሁለታችንም አንከራከርም።