ረከቦት ስር የተለጠፈ ማይክ

መድረክ ላይ የምሆናት ሴት ስም የላትም፤ እትዬ ናት። እንግዳ ተቀብላ ቡና ታፈላለች፣ ሌላ ነገር የለም። ተመልካቹ ከፊቷ ይልቅ እጇን ነው የሚሰማው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማይኩ የት ይለጠፍ የሚለው ነው።

የምጠቀመው 27 ሚሊሜትር የፒዬዞ ክብ ነው፤ የተለጠፈበትን ዕቃ ንዝረት ወደ ድምፅ የሚቀይር ስስ ማይክ። አንዱ ሽቦ ጠርዙ ላይ፣ ሌላው መሐሉ ነጩ ሴራሚክ ላይ ይበየዳል። መሐሉ ላይ ሙቀት ከበዛ ሽፋኑ ተላጦ ይበላሻል፤ ነካ አድርጎ ማንሳት ነው። በቀጥታ ሚክሰር ላይ ሲሰካ ወፍራሙ ድምፅ ጠፍቶ ሁሉም ነገር ቆርቆሮ ይመስላል። የግቤት መቋቋሙ (ኢምፒዳንሱ) 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ የጊታር ግቤት ወይም ፕሪአምፕ (ደካማ ድምፅ ቀድሞ የሚያጎላ መሣሪያ) ያስፈልገዋል።

ጀበናና መቁያ ላይ አይለጠፍም፣ ሙቀት ይገድለዋል። ረከቦቱ ስር ግን ግሩም ነው፤ ሲኒ ሲቀመጥ፣ ስኳር ሲማሰል፣ ጣት ሲያርፍ እንኳ ያመጣል። ሙቀጫው ራሱ ላይ ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከስሩ ጣውላ አንጥፌ ጣውላው ላይ እለጥፈዋለሁ። ለቡናው ቁሌት ኮንደንሰር ማይክ (ድምፅን ከአየር የሚይዝ ስሜታዊ ማይክ) ከጭሱ ራቅ አድርጎ በጎን ማቆም ይበቃል።

አስቸጋሪው ሉፐሩ ነው፤ በእግር ፔዳል ድምፅ ቀድቶ እየደጋገመ የሚያጫውተው መሣሪያ። በአቦል የወቀጣውን ምት እቀዳለሁ፣ በቶና እሷ ስታወራ ከስር ይመለሳል። ምቱ እኩል ከሆነ ወዲያው ዘፈን ይሆናል፤ ሰው ማጨብጨብ ይጀምራል፣ እትዬም ትጠፋለች። መድኃኒቱ ጉድለቱን አብሮ መቅዳት ነው፦ ዘነዘናው የሚቆምበትን፣ የሙቀጫውን አፍ በእጇ የምትጠርግበትን፣ በር የተንኳኳ መስሏት የምታዳምጥበትን ጊዜ ጭምር። ፔዳሉን ምቱ ላይ ሳይሆን ድምፁ ካለቀ በኋላ መርገጥ ይሻላል፤ አለበለዚያ መጋጠሚያው ቀጭ ይላል።

ድምፀቷ ሁለት ነው፤ ለእንግዳ ቀጭን፣ ወደ ጓዳ ወፍራም። «ግቡ ግቡ፣ ኧረ ቤት ለእንግዳ!» ብላ ሳትጨርስ «አንቺ! ከሰሉስ?» ትላለች። እዚህ ላይ ፊት ከተጨመረ ኮሜዲ ይሆናል። ሳቅ አልጠላም፣ ግን እናትን ማስመሰል ቀላሉ ሳቅ ነው። ፊቷን ዝም አሰኝቼ ልዩነቱን ለጉሮሮ ብቻ እተወዋለሁ። የደረት ማይክ ነጠላ ላይ ከተሰካ ጨርቁ እየታሸ ንግግሩን ይውጠዋል፤ ጉንጭ ላይ በፕላስተር ይለጠፍ። ከሰሉ ደጅ ተያይዞ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ ይግባ፤ መስኮትም ክፍት ይሁን፣ በተዘጋ አዳራሽ ሰው ይመርዛል።