መጀመሪያ የማይስቀውን ሰው ፈልጉ

ጎንደር ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ የቴአትር ክበብ «ዘንድሮ ኮሜዲ እንሥራ» ብሎ ሲነሣ የመጀመሪያው ስብሰባ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከአባላቱ መካከል ጨዋታ አዋቂ የሚባል ልጅ አይጠፋም። ሰው ይኮርጃል፣ የአዝማሪ ድምፅ ያስመስላል፣ ሻይ ቤት ሲገባ ጠረጴዛውን ሁሉ ያስቃል። እናም ለእሱ የሚሆን ድርሰት ይፈለጋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚያው ላይ ነው። መድረክ ላይ ኮሜዲን የሚሸከመው የሚያስቀው ሰው አይደለም፣ የማይስቀው ነው። የሚታለለው ባል፣ የሚቆጣው አባት፣ ዕዳውን ሊቀበል የመጣው ነጋዴ። የሚሆነውን ሁሉ ከልቡ የሚያምን ሰው ከፊቱ ከሌለ ቀልደኛው ብቻውን ይፈራገጣል፤ ተመልካቹም ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስልኩን ማየት ይጀምራል።

ስለዚህ ድርሰት ከማንበባችሁ በፊት ይህን ሰው ፈልጉት። አንድ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ለጠፋች ዶሮ ልቅሶ መድረስ። ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዷ ዶሮዋ የጠፋባት ናት፣ ሌላው ሊያጽናና የመጣ ጎረቤት። ሙሉ ልቅሶ ቤት ይሁን፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይባል፣ ስለ ሟች ጠባይ ይጠየቅ፣ መቼ እንደወጣች፣ ማን መጨረሻ እንዳያት ይተረክ። ሦስት ደቂቃ በሰዓት። ሌሎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ይስቁ፤ ሁለቱ ግን ከንፈራቸው ከተንቀሳቀሰ ወደቁ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ «እህል እንኳ ከእጄ ካልሆነ አትቀምስም ነበር» የምትል ልጅ ካገኛችሁ የቴአትራችሁን ምሰሶ አገኛችሁ። ድርሰቱን የምትመርጡት ለእሷ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር። መዝገብ ላይ ያለው የአባላት ብዛት አይቆጠርም። ሦስት ተከታታይ የንባብ ቀን ጥሩና ሦስቱንም ቀን የመጣውን ሰው ብቻ ቁጠሩ፤ ከዚያም ላይ አንድ ቀንሱ። ስምንት ሰው ከመጣ የሰባት ሰው ተውኔት ምረጡ። ስምንተኛው አስታዋሽ ይሆናል፣ መጋረጃ ይስባል፤ አንዱ ታሞ ቢቀር ደግሞ ልምምዱን ሁሉ ያየ ሰው ስለሆነ ይተካል። እንደ ጎጎል «ሬቪዞር» ያሉ ከሃያ በላይ ገጸ ባሕርያት ያሏቸው ድርሰቶች ሲነበቡ ያስቃሉ፤ ግን አምስት ሰው አራት አራት ሚና ይዞ ሲሯሯጥ ተመልካቹ ማን ማን እንደሆነ ይጠፋበታል። ያልገባው ሰው ደግሞ አይስቅም።

ሚና ማጣመር ግን ክፉ ነገር አይደለም፣ በስሌት ከተሠራ። ትልቅ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ። ወደ ታች የገጸ ባሕርያቱን ስም፣ ወደ ጎን ትዕይንቶቹን በቁጥር ጻፉ። ገጸ ባሕርዩ ያለበትን ሳጥን አጥቁሩ፤ ለሚናገር ሙሉ ጥቁር፣ መድረክ ላይ ሆኖ ዝም ለሚል ግማሽ። ሁለት መስመሮች አንድ ሳጥን ውስጥ ካልተገናኙ አንድ ሰው ሁለቱንም ሊጫወት ይችላል። በመካከላቸው ቢያንስ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ትዕይንት ይኑር፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ ተዋናዩ ነጠላውን አዙሮ ለብሶ፣ አንድ ጫማ ሳያጠልቅ ይገባል።

የሞሊየርን «ያለ ፍላጎቱ ሐኪም የሆነው» ኮሜዲ እንውሰድ። ፀጋዬ ገብረ መድኅን «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ወደ አማርኛ የመለሰው ነው። አንድ እንጨት ቆራጭ በሚስቱ በቀል ሐኪም ነው ተብሎ፣ ዲዳ ሆነች የተባለች ልጅ እንዲፈውስ ወደ ሀብታም አባቷ ቤት ይወሰዳል። ሦስት ገቢር (ትልልቅ የተውኔቱ ክፍል)፣ 11 ገጸ ባሕርይ፤ ስምንት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ለትንሽ ክበብ የሚበዛ ይመስላል። ሰንጠረዡን ስትሠሩት ግን ሌላ ነገር ይታያል። በሦስተኛው ገቢር ለእናት ሕመም መድኃኒት ፍለጋ የሚመጡት ሁለት ገበሬዎች፣ አባትና ልጅ፣ አንድ ትዕይንት ብቻ ነው ያላቸው። ትዕይንቱ ቢወጣ ታሪኩ አይጎድልበትም፤ 9 ቀረ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሊገላግል ገብቶ ከሁለቱም ዱላ የሚቀምሰው ጎረቤት መጀመሪያው ገቢር ላይ ብቻ ይታያል፤ የልጅቷ ፍቅረኛ ደግሞ ሁለተኛው ገቢር ሳይገባደድ አይገባም። አንድ ሰው ሁለቱን ይችላል፤ 8። እንጨት ቆራጩን ሐኪም ነው ብላ የምትበቀለው ሚስትና የሀብታሙ ቤት ሞግዚት መድረክ ላይ አይነጋገሩም፤ ሞግዚቷ መጨረሻው ትዕይንት ላይ ቃል ስለሌላት ከዚያ ትቅር፤ 7። ለዚህችኛዋ ተዋናይ መጨረሻ ላይ ልብስ የምትቀይርበት ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ስለዚህ ለሞግዚቷ ከላይ የሚደረብ ሽርጥና ሻሽ ብቻ ስጧት፣ ከሥር የሚስትየውን ቀሚስ እንደለበሰች ትጫወት። እንዲህ ሆኖ አምስት ወንድና ሁለት ሴት ይበቃል።

በዚሁ ተውኔት ውስጥ ለጀማሪ ተዋናይ የተሰጠ ስጦታም አለ። የሀብታሙ ልጅ የማትፈልገውን ጋብቻ ለማምለጥ ዲዳ መስላ ትኖራለች፤ እስከ ሦስተኛው ገቢር ድረስ ሰው የሚሰማው ቃል አታወጣም። ከዚያ አፏ ሲከፈት ማንም አያስቆማትም። አንድ ጥሩ ንዴት ብቻ መለማመድ የምትችል አዲስ አባል ካለች ቦታዋ ይሄ ነው። አባትየው ደግሞ ያ የማይስቀው ሰው ነው። ሐሰተኛው ሐኪም ልብ በቀኝ፣ ጉበት በግራ ነው ሲለው ግራ ይጋባል፣ ይጠይቃል፣ በመጨረሻም አዋቂ ፊት እንዳለ ሰው አንገቱን ነቅንቆ ይቀበላል። ሳቁ የሚመጣው ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ አባትየው ዝም በሚልባት በዚያች ሁለት ሰከንድ ነው። ይህን ዝምታ መያዝ የሚችል ሰው ከሌላችሁ ድርሰቱን ተዉት። በነገራችን ላይ መክፈቻው ሚስት መደብደብ ነው፤ ዱላው ተነሥቶ ሳያርፍ ጎረቤትየው ቶሎ ይግባና ሁለቱም እሱ ላይ ይዙሩ። አለበለዚያ ገና ከጅምሩ ከሴቶቹ ተመልካቾች ጋር ትጣላላችሁ፤ ቢጣሉም እውነት አላቸው።

ሦስት ሰው ብቻ ያለው ክበብ የቼኾቭን «ድቡ» ይይ። ባሏ ከሞተ ሰባት ወር የሆናት ከል ለባሽ፣ የሟችን ዕዳ ሊቀበል የመጣ የመሬት ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ ሎሌ፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ገቢር፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ። መጨረሻው ላይ መሣሪያ ይዘው የሚገቡት ሠራተኞች ቢቀሩ ጉዳት የለውም። ለጎንደር መድረክ ሲመለስ ብዙ የሚያደክም አይደለም። ከል፣ ሙት ዓመት፣ ዕዳ፣ ኩራት፣ ሁሉም እዚህ አለ። መበለቷ መጀመሪያ ላይ ለባሏ ተወዳጅ ፈረስ አጃ እንዲጨመርለት ታዛለች፤ መጨረሻ ላይ ዛሬ ምንም እንዳይሰጠው ትላለች። ፈረሱን በቅሎ፣ አጃውን ገብስ ብታደርጉት አይጎድልበትም። መደምደሚያው መሳሳም ነው። እሱን በግድ አትያዙት፤ ከዕዳ ጠያቂው ጋር ልትታኮስበት ያመጣችውን ሽጉጥ አስቀምጣ ከሉን ከራሷ ብታወርድ ያው ነገር ይነገራል፣ የተዋናይዋም ወላጆች ሁለተኛው ትርኢት ላይ ደግመው ይመጣሉ።

የሴት ቁጥር ማነስ የብዙ ክበብ ራስ ምታት ነው። አንዱ መውጫ እንስሳት ገጸ ባሕርይ የሆኑበት ተውኔት ነው፤ ጅብና ቀበሮ ወንድም ሴትም ቢጫወታቸው የሚቆጥር የለም። እንግዳ ነገርም አይደለም፤ የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ራሱ የአውሬዎች ኮሜዲያ ነበር። ሌላው ምክንያት ግን ድርሰት አይፈታውም። ልምምዱ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚያልቅ ከሆነና ቤቷ አዘዞ የሆነች ልጅ በዚያ ሰዓት ባጃጅ ፍለጋ የምትቆም ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ትቀራለች። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ተለማመዱ።

አሁን ቋንቋው። የትርጉም ኮሜዲ አማርኛ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሞተው የሚያስቀው ቃል አረፍተ ነገር መካከል ስለሚቀበር ነው። እኛ ግሡን መጨረሻ ላይ እናስቀምጣለን፤ ተርጓሚው ካልተጠነቀቀ ከአስደናቂው ቃል በኋላ ረጅም ጭራ ይቀራል። «በሬህን ትናንት ማታ በአዘዞ መንገድ ሲነዳው ያየሁት አማችህን ነው ብዬ አስባለሁ» ሲል ተመልካቹ «አማችህን» ላይ ሊስቅ ይነሣና «ብዬ አስባለሁ»ን ለመስማት ይቆማል። በቃ፣ አለፈ። ይሄው ነገር «ትናንት ማታ በአዘዞ መንገድ በሬህ ሲነዳ አየሁ። የሚነዳው… አማችህ» ቢባል ሳቁ ማረፊያ አለው። አንድ ድርሰት ስትገመግሙ የትኛውንም አምስት ገጽ ውሰዱና የሚያስቁት ቃላት የት እንደወደቁ አስምሩባቸው። ከግማሽ በላይ መሀል ላይ ከሆኑ ወይ መላልሳችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ወይ ሌላ ትፈልጋላችሁ።

«አንቱ»ና «አንተ» ደግሞ በነፃ የተሰጠን የሳቅ ዕቃ ነው። ብዙ ትርጉም ከዳር እስከ ዳር «እርስዎ» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ብክነት ነው። ከሏን የለበሰችው ሴት ዕዳ ጠያቂውን «አረፍ ይበሉ» ብላ ትቀበለው። ሦስት ገጽ ቆይታ ስትናደድ «አንተ ባለጌ!» ይውጣት። ከዚያ ደንግጣ አፏን ይዛ «ይቅርታ… አንቱ ባለጌ» ትበል። እዚህ ከተማ ውስጥ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሽማግሌዎች ቀድመው ይስቃሉ። ቅኔ ሲሰማ ያደገ ጆሮ ባለበት ከተማ የቃል ጨዋታ መድረክ ላይ ከመውደቅና ከመነሣት ይበልጣል፤ ይህ የኛ አድልዎ ነው፣ ግን እንቆምለታለን።

ርዝመቱን በገጽ አትለኩ። ድርሰቱን ተቀምጣችሁ፣ ጮክ ብላችሁ፣ በተፈጥሯዊ ፍጥነት አንብቡና ሰዓት ያዙ፤ ለእንቅስቃሴና ለሳቅ አንድ አራተኛ ጨምሩበት። በንባብ 36 ደቂቃ የሆነው መድረክ ላይ 45 ይሆናል። ለአማተር ክበብ ደግሞ ለእያንዳንዱ የመድረክ ደቂቃ አንድ ሰዓት ልምምድ መያዝ ደህና ሒሳብ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ብትለማመዱ ያ የ45 ደቂቃ ተውኔት ስምንት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ብትጀምሩ ከገና በፊት ትደርሳላችሁ። ወደ ጥር ካሻገራችሁት ጥምቀት አለ፣ ሠርግ አለ፤ ግማሹ ተዋናይ ሚዜ ሆኖ ይጠፋል፣ ከዚያ ሁዳዴ ይገባል።

አዳራሹም ድርሰቱን ይመርጣል። ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ፈጣን ምልልስ ያለበት ኮሜዲ አይታሰብም፤ አንድ ዝናብ ሙሉ ገቢር ይበላል። መብራቱን አታጨልሙ። ሰማያዊና ቀይ ለትራጄዲ ያምራል፤ ሰው የሚስቀው ግን ፊት ሲያይ ነው። ሁለት ባውዛ ከግራና ከቀኝ፣ ከተዋናዩ ራስ ከፍ ብለው፣ በሰያፍ ወደ ፊቱ ይብሩ። መብራት ሊጠፋ እንደሚችል አስባችሁ ትርኢቱን ከቀኑ 8 ሰዓት አድርጉት፤ መስኮት ከተከፈተ ይቀጥላል። ጭልጥ ያለ ጨለማ የሚጠይቅ ትዕይንት ያለበትን ድርሰት በዚህ ሰዓት አትያዙ።

ፈቃድ የሚባለውን ብዙዎች ይዘሉታል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ሞሊየር በ1673፣ ቼኾቭ በ1904 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሞቱ ራሳችሁ ከባዕድ ቋንቋ ብትመልሷቸው የሚጠይቃችሁ የለም። የሌላ ሰው አማርኛ ግን የዚያ ሰው ነው። ፀጋዬ ያረፈው በ1998 ዓ.ም.፣ የ«ጠልፎ በኪሴ»ና የ«ያላቻ ጋብቻ» ደራሲ መንግሥቱ ለማ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ነው፤ የሁለቱም መብት አሁን በወራሾቻቸው እጅ ነው። በጽሑፍ ጠይቁ፣ መልሱንም ፋይል አድርጉ። ትዕይንት ልትቀንሱ ካሰባችሁም አብራችሁ ጻፉት።

ሁለት ወይ ሦስት ድርሰት ከቀረ በኋላ የመጨረሻውን ምርጫ ለእናንተ አትተዉት። ክበቡን የማያውቁ አራት ሰዎች ጥሩ፣ አንዷ እናት ትሁን፣ አንዱ ተማሪ። ቡና አፍሉና አንብቡላቸው። አንድ ሰው እነሱ የሳቁበትን በእርሳስ፣ እናንተ የሳቃችሁበትን በቀይ ኅዳግ ላይ ያስምር። ቀይ ብቻ ያለበት ገጽ የክበቡ የውስጥ ቀልድ ነው፣ አዳራሽ ውስጥ አይሠራም። ሁለት ገጽ ተነብቦ እርሳስ ካልነካው፣ እዚያ ቦታ ላይ ተመልካቹን ታጡታላችሁ።

ጨዋታ አዋቂው ልጅ ደግሞ ቅር እንዳይለው። የ«ድቡ»ን ሎሌ ስጡት። ጥቂት መስመር፣ ብዙ መግባትና መውጣት፤ ሲገባ ሁለቱ ኮስታሮች ሲፋጠጡ አግኝቷቸው አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እሱን አይቶ፣ የያዘውን ረከቦት ይዞ ወደ መጣበት ይመለስ።