የተከሰሰው ፓወር ሰፕላይ

ኮምቦልቻ ውስጥ የሞዴል ባቡር ክበብ አለ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የአንድ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ብትገቡ፣ ሽበት የወረሰው መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ተንበርክኮ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ፉርጎ ሲገፋ ታገኙታላችሁ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ኤሌክትሪክ አላውቅም። ክበቡ ጸሐፊ ያደረገኝ የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ሁሉ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። ስድቡን ብቻ አልጻፍኩትም።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ሻንጣ ነው። የአንዱ መምህር ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ሐዲድ፣ ሎኮሞቲቭና ጥቂት ፉርጎዎች ይዞለት መጣ። መጠኑ 1 ለ87 የሚባለው ነው። መምህሩ ሜትሩን አውጥቶ በሐዲዶቹ መካከል ያለውን ስፋት ለካ። 16 ሚሊ ሜትር ተኩል። ቀጥሎ ካልኩሌተር አነሳ። ከከተማችን ጎን የተዘረጋው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ሐዲድ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። ለ87 ሲካፈል ያው 16 ተኩል መጣ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር መሥራት የፈለገ የለም። የራሳችንን መስመር እንሠራለን ተባለ።

ስብሰባ ማለት ያን ጊዜ ነበር! መስመሩ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያው ልክ ቢያንስ እንኳ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ሐዲድ ይፈልጋል። እኛ ያለን የወርክሾፑ አንድ ጥግ ነው። ስለዚህ አዋሽ አንድ ጫፍ፣ ሐራ ሌላው ጫፍ፣ ኮምቦልቻ መሐል ላይ ትሁን ተባለ። የቀረው ይዘለል። የተዘለሉት ከተሞች ተወላጆች ተራ በተራ እጅ እያወጡ ተቃወሙ።

የደሴ ልጆችማ ደሴ ካልገባች አንሠራም አሉ። እውነተኛው ሐዲድ ደሴ አይወጣም። በኮምቦልቻ በኩል አልፎ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። እነሱ ግን ሞዴል አይደል እንዴ፣ ማን ይከለክለናል ባይ ናቸው። የእንጨት ሥራ መምህሩ በእርጋታ ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጻፈላቸው። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ለ87 ስታካፍሉት ወደ ሰባት ሜትር ነው። ባቡራችን ደግሞ በአንድ ሜትር ሁለት ሳንቲ ሜትር ከወጣ ጎበዝ ነው። እዚያ ለመድረስ 350 ሜትር ሐዲድ በጥምዝምዝ መሥራት ሊኖርብን ነው። «ጣሪያውን ቀደን ደሴን እላይ እንስቀላት?» ሲል ሁሉም ሳቀ። የደሴ ልጆች ግን አሁንም አልተዋጠላቸውም። ግድግዳው ላይ የሐረጎን ዳገት እንዲስሉ ተፈቀደላቸውና በዚያው ጸጥ አሉ።

ሌላው የማልረሳው ድሬዳዋ ያደገው የሒሳብ ሠራተኛችን ነው። ልቡ ያለው ከድሮው ባቡር ጋር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ከገባው። ያንን ባቡር እንድንሠራለት ለመነ። ከዚያ የራሱን ሐሳብ ራሱ ጣለው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ነበር፤ በ1 ለ87 ሲሠራ 12 ሚሊ ሜትር የሚሆን ሐዲድ ይፈልጋል። «በዚህ ሐዲድ ላይ እሱን ማስኬድ ውሸት ነው» አለ። ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። የሒሳብ ሰው እንዲህ ነው።

ወደ ገጠመኙ ልግባ።

የእንጨት ሥራ ክፍል ጠረጴዛውን በኮምፔንሳቶ ሠራ። ተራራው ሽቦና ጋዜጣ ነው፣ ላዩ ጄሶ። ሐራ ገበያ ላይ ባቡሩን በእጅ አንስቶ ማዞር አሳፋሪ ነው ተባለና፣ ሐዲዱ ሸምቀቆ ሠርቶ ወደ ራሱ እንዲመለስ ተወሰነ። ባቡሩ ሐራ ይገባል፣ ይዞራል፣ በመጣበት መስመር ተመልሶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሲያዩት ደስ የሚል ንድፍ ነው።

ከሻንጣው ጋር የመጣው መቆጣጠሪያ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ ስለሆነ የኛን 220 ቮልት አይችልም። ስለዚህ ባለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይገዛ ተባለ። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ደሴ ፒያሳ ወጥተው ገዙ። ሴትዮዋ በሥራቸው ቀልድ አያውቁም። ዕቃው በገቢ ቅጹ በሞዴል 19 ገባ፣ በወጪ ቅጹ በሞዴል 22 ወጣ፣ እኔ ፈረምኩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ የተገጠመውና የሐራ ሸምቀቆ የመጨረሻዋ ቁራጭ ሐዲድ የገባችው በአንድ ከሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ባቡሩ በተውሶ ቻርጀር ያለችግር ይመላለስ ነበር። አሁን ፓወር ሰፕላዩ ሲበራ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ባቡሩ አይነቃነቅም። አጥፍተው አበሩ። ያው ነው።

ወዲያው ነገሩ ወደ ሰው ዞረ። ማነው የገዛው? ስንት ተገዛ? ከማን ሱቅ? ደረሰኝ አለው? የወላጆች ቀን ደርሶ ስለነበር ሁሉም ተበሳጭቷል። አንዱ እንደውም የስብሰባው አጀንዳ «ጥራት የሌለው ዕቃ ስለመግዛት» ተብሎ ይጻፍልኝ አለ። ጻፍኩ። ጸሐፊ የተባለውን ነው የሚጽፈው። ኃላፊዋ ተጠርተው መጡ። ሞዴል 19ኙን ይዘው ቆሙና፣ «ዕቃው አዲስ ነው። ሱቅ ውስጥ አምፖል አብርተን አይተነዋል» አሉ። የሰማቸው የለም። እኔ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ብዙ አይቻለሁ። ተሰብሳቢው አንዴ ጥፋተኛውን ካገኘ፣ ብልሽቱን መፈለግ ያቆማል።

አንድ የአውቶ ክፍል ቴክኒሻን አለን። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ፈጣን ነው። «12 ቮልት አይደል የሚፈልገው? አሁን አሳያችኋለሁ» ብሎ የመኪና ባትሪ ተሸክሞ መጣ። ባትሪው ካስኬደው ፓወር ሰፕላዩ መበላሸቱ ይረጋገጣል፤ ሐሳቡ ይኸው ነው። ክላምፑን ከቀጭኑ የሐዲድ ሽቦ ጋር አገናኘ።

ሽቦው ወዲያው ጨሰ። የፕላስቲክ ልባሱ እየቀለጠ ተንጠባጠበ። ሐራ አካባቢ አንድ መጋጠሚያ ሥር ያሉት የፕላስቲክ ተጋዳሚዎች ቀለጡ፣ ጋዜጣው ተራራ ጠርዙ ላይ ጠቆረ። ተማሪዎቹ ወደ በሩ ሮጡ። «ንቀለው! ንቀለው!» ያሉት ኃላፊዋ ናቸው። እሱ ደንግጦ በባዶ እጁ ሊይዘው ሲል፣ የእንጨት ሥራ መምህሩ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ ክላምፑን ስቦ አነሳው። ሰው አልተጎዳም። አብሽሩ፣ አብሽሩ ተባባልን። ሽታው ግን ሳምንቱን ሙሉ ወርክሾፑን አልለቀቀም።

የኤሌክትሪክ መምህሩ በዚያ ሰዓት ሌላ ክፍል እያስተማረ ነበር። ጭሱን ሸትቶት መጣ። የተናገረው አጭር ነው። የመኪና ባትሪ ቮልቱ ትንሽ ቢሆንም ሾርት ሲሆን፣ ማለትም ፕላስና ማይነሱ በቀጥታ ሲነካኩ፣ በመቶዎች የሚቆጠር አምፒር ይለቃል፤ ፊውዝ ከሌለው የሚያቆመው ሽቦው ተቃጥሎ ሲበጠስ ብቻ ነው። ፓወር ሰፕላዩ ግን ሾርት ሲያገኝ ራሱን እንዲያጠፋ ሆኖ የተሠራ ነው። «ብልጭ ብሎ የጠፋው ሥራውን ስለሠራ ነው» አለ። «እሱ የሚላችሁን ብትሰሙ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።» ሁላችንም ወደ ኃላፊዋ ላለማየት ወደ ጣሪያው አየን።

ሾርቱ የት እንዳለ ያገኘችው አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ቀን ላይ የእንጨት ሥራ መምህሩ የመጨረሻዋን ቁራጭ ሐዲድ ጫፏን ሊሞርድ አንዴ አውጥቷት ነበር። ያኔ አረንጓዴዋ መብራት በርታ እንደቆየች ልጅቷ አይታለች። በጭቅጭቁ መሐል ማን ይስማት? አሁን «ቲቸር፣ ቁራጯን አንስተን እንየው» አለች። የተቃጠለው ሽቦ ተቀየረ፣ ቁራጯ ተነሳች፣ ፓወር ሰፕላዩ ተሰካ። በራ። ቁራጯ ስትመለስ ጠፋ። ስትነሳ በራ። በቴስተርም ለካችው፤ ቁራጯ ስትገባ ግራና ቀኙ ሐዲድ አንድ ሆነው ይጮሃሉ።

ግን እንዴት? ሐዲዱ ላይ የወደቀ ሽቦ የለም፣ ምስማር የለም። ልጅቷ ቀይና ጥቁር ማርከር አመጣች። ከኮምቦልቻ ሲመጣ የግራውን ሐዲድ ቀይ፣ የቀኙን ጥቁር እየቀባች ሄደች። ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልበት ሹካ ጋር ደረሰች። በግራው ቅርንጫፍ ገብታ ሸምቀቆውን ዞረች። ተመልሳ ሹካው ላይ ስትደርስ፣ ቀዩ ሐዲድ መጥቶ ከጥቁሩ ጋር ገጠመ። በዚህ መጠን ያሉ አብዛኞቹ ሞዴሎች ኤሌክትሪኩን የሚያገኙት ከሁለቱ ሐዲዶች ነው፤ አንዱ ፕላስ፣ ሌላው ማይነስ። ሐዲድ ዞሮ ወደ ራሱ ሲመለስ ፕላሱ ከማይነሱ ጋር ይጋጫል። ማንም አላበላሸውም። ንድፉ ውስጥ ነበር፤ ሁላችንም እጅ አውጥተን ባጸደቅነው ንድፍ።

ከክበባችን አንዱ፣ የቱርኩ ያፒ መርከዚ የአዋሽን መስመር ሲሠራ የቀን ሠራተኛ የነበረ ልጅ፣ አላምን አለ። እውነተኛው ባቡር ቢዞር እኮ ምንም አይሆንም ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነው። የእውነተኛው መስመር ኤሌክትሪክ 25 ሺህ ቮልት ሆኖ ከላይ ባለው ሽቦ ነው የሚመጣው፤ መመለሻው ሐዲዱ ነው። ሁለቱም ሐዲዶች አንድ ወገን ስለሆኑ የፈለገ ቢዞሩ አይጋጩም። የጀርመኑ ማርክሊን ሞዴሎችም በሐዲዱ መሐል ሦስተኛ መስመር ስላላቸው ይህ ጣጣ የለባቸውም። የኛ ግን ባለሁለት ነው። ከላይ የዘረጋነው ሽቦ ለጌጥ የተወጠረ ክር ነው።

መፍትሔው ሞዴል ባቡር የሚሠራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው አሉ። የሸምቀቆው ሁለቱም ሐዲዶች በመግቢያውም በመውጫውም ይቆረጣሉ፤ ክፍተቱ በፕላስቲክ ይያያዛል። ሸምቀቆው የራሱ መስመር ይሳብለታል። ባቡሩ እዚያ ውስጥ እያለ አንድ ባለስድስት እግር ማብሪያ ይገለበጣል፤ የዋናው መስመር ፕላስና ማይነስ ቦታ ይቀያየራል። ባቡሩም ሳይቆም ይወጣል። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ የተቆረጠው ክፍል ከባቡሩ መርዘም አለበት። እኛ በጉጉት ፉርጎ አብዝተን ስለነበር ጭራው አልበቃ አለ። ፉርጎ ተቀነሰ። ፉርጎውን ያበዛው ማነው የሚል ጥያቄ ሲነሳ ሰብሳቢው በእጁ አስቆመው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ ኃላፊዋ ተጠሩ። ከአቦል እስከ በረካ ይቅርታ ለመጠየቅ። የአውቶ ቴክኒሻኑ ራሱ ነው ስኒውን ያቀረበላቸው። ተቀበሉና፣ «እኔንማ ተዉት። ይቅርታ የምትጠይቁት ያንን ነው» ብለው ወደ ፓወር ሰፕላዩ ጠቆሙ። ቴክኒሻኑ ተነስቶ እጅ ነሳው። ያም ተጽፏል።

ከዚያ ወዲህ የቃለ ጉባኤ ቅጹን ቀይሬዋለሁ። ብልሽት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚሞላው «የት ቦታ» እና «ከምን በኋላ» የሚለው ነው። የሰው ስም መጻፊያ ቦታ አልተውኩለትም። አንዳንዶቹ ኅዳጉ ላይ ሊያስጽፉኝ ይሞክራሉ። ከባትሪ የሚመጣ ማንኛውም መስመርም ያለ ፊውዝ ጠረጴዛው ላይ አይወጣም።

የወላጆች ቀን ባቡሩ ሄደ። ማብሪያውን እንዲገለብጥ የተመደበው ተማሪ ግን ከእንግዶች ጋር ወሬ ይይዝና ይረሳል። ያኔ ባቡሩ መውጫው ላይ ይቆማል፣ አረንጓዴዋ ትጠፋለች። ሕፃናቱ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ባቡሩ ሸምቀቆው ውስጥ በገባ ቁጥር «ገልብጠው! ገልብጠው!» እያሉ ወርክሾፑን አናጉት።

በዚህ የተነሳ ራሱ የሚገለብጥ መሣሪያ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ሾርቱን ሲያገኝ በቅጽበት ፕላስና ማይነሱን የሚቀያይር ዕቃ አለ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ደብዳቤውን ጽፌ ለዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ወሰድኩ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡትና መለሱልኝ።

«ደሴ የምትወጡት እናንተ ናችሁ» አሉ። «ሦስት ፕሮፎርማ ይዛችሁ ኑ።»