እማማ፣ አብረን እንሳብ

ዛሬ ራጅ ክፍላችን ለልምምድ ከመጡት ተማሪዎች አንዷ የአንዲት እናት ደረት ራጅ ልታነሳ ገባች። የራጁን ቱቦ ከምስል መቀበያው ያለውን ርቀት 180 ሴንቲሜትር አደረገች፣ የትከሻ አጥንቶቹ ሳንባው ላይ እንዳያርፉ ትከሻቸውን ወደ ፊት አስጠጋች፣ የቀኝና የግራ ምልክቱንም አልረሳችም። ከመስታወቱ ጀርባ ሆና "አየር ይሳቡና ይያዙ!" አለች። እማማ ግን ምንም ሳይስቡ አፋቸውን ግጥም አደረጉ።

ልጅቷ ቁልፉን አልተጫነችም። ወጥታ አጠገባቸው ቆመች። "እማማ፣ እስቲ አብረን እንሳብ" ብላ ራሷ ደረቷን ነፍታ አሳየቻቸው፣ እሳቸውም እያዩዋት ሳቡ፣ ያዙ፣ ለቀቁ። ውጭ ወረፋው ኮሪደሩን ሞልቶታል እኮ! እሷ ግን አልተቻኮለችም።

ምስሉ ሲመጣ ከኋላ በኩል ያሉትን የጎድን አጥንቶች አብረን ቆጠርን። ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ አስር። ሳንባው በደንብ ተነፍቷል ማለት ነው። ባይነፋ ኖሮ ልባቸው ከመጠኑ ገዝፎ ሊታይ፣ የሳንባቸው ታችም በሽታ ያለበት ሊመስል ይችል ነበር፤ ከዚያ ድጋሚ መነሳት፣ ድጋሚ ጨረር።

ተማሪዎቹ ፊዚክሱንም አናቶሚውንም ይማራሉ፣ ያነሱትን ራጅ ሎግቡክ (የልምምድ መዝገብ) ላይ ሞልተው ያስፈርማሉ። የግድ ነው፣ ያለሱ ሙያው የለም። ግን ያቺን ሁለት ደቂቃ የት ቦታ ላይ ልፈርምላት? ለታካሚ ማስረዳትም እንደ ፖዚሽኒንጉ (ታካሚውን አስተካክሎ እንደማቆሙ) ታይቶ ማርክ ሊሰጠው ይገባል ባይ ነኝ። ለአስተማሪዋ ነገ ይሄንኑ ጽፌ እልክለታለሁ።