ሮብ ውርጩ ተመልሶ ሊመጣ ነው

ሰሞኑን ደመና ስለነበረ ደብረ ማርቆስ ላይ ሌሊቱ እንደው ደህና ነበር፣ እኔም ባናውን አጣጥፌ ቁምሳጥን ላይ ወርውሬዋለሁ፣ ግን ከማክሰኞ ማታ ጀምሮ ሰማዩ ይጠራል እየተባለ ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ሰማይ ጠራ ማለት ደሞ ምን ማለት እንደሆነ የጮቄ ተራራ ስር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ 4 ዲግሪ ነው ቢላችሁ በሱ እንዳትሸወዱ። አንደኛ እሱ የሚያወራው ስለ ከተማው ነው፣ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የጮቄ ጫፍ ግን ከ4,000 ያልፋል፣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ያለ ሰው የሚያድረው ሌላ ሌሊት ነው። ሁለተኛ ዲግሪው የሚለካው ከመሬት ከፍ ብሎ ነው፣ ደመናም ነፋስም በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ለቆት ባዶውን ይቀራል፣ ስለዚ አፑ 3 ወይ 4 እያለ ድንቹ ቅጠል ላይ ውርጭ ሊያርፍ ይችላል። እኔ ማታ ወጥቼ ሁለት ነገር ብቻ ነው የማየው፣ ኮከቡ ደምቋል ወይ? ነፋሱ ቆሟል ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆነ አለቀ።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ዴንቨር ናት፣ እሷም ጋ ሮብ ስኖው ተመልሶ ይጥላል ተብሎ ጨውና አካፋ እያዘጋጀች ነው፣ "እናንተማ ምን አለባችሁ የፀሐይ አገር" ስትለኝ ሳቄ መጣ፣ ዴንቨር እኮ 1,600 ሜትር ነው ከፍታዋ፣ ማርቆስ በ800 ትበልጣታለች! እኛ ጋ ስኖው የማይጥለው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ነው፣ ደሞ ብርዱና ዝናቡ አይገናኙም፣ ክረምት ዝናብ ሲኖር ደመናው ሌሊቱን ይሸፍነዋል፣ ብርዱ ሲጠና ደሞ ሰማዩ ደረቅ ነው።

ወደ ስራው ስንመጣ እማ ትናንት ደውላ "ገለባውን ለከብቱ እንዳይጨርሰው ለወንድምህ ንገረው" አለችኝ፣ ነገሩ የገባት ከኔ ቀድሞ ነው። የመስኖ ድንች ያላችሁ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ውሃ አጠጡት፣ እርጥብ አፈር ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ይይዛል፣ ማታ ማጠጣት ግን ያን ያህል አይጠቅምም። አፈር ማስታቀፍ ያልጨረሰም ይጨርስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ገለባውን ሳሳ አድርጎ ማልበስ ነው፣ ገለባው ካልበቃ ከወንዝ ዳሩ ማሳ ጀምሩ፣ ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ ዳገቱ ላይ ያለው ሲተርፍ ታች ያለው ነው የሚመታው። ኩበትና እርጥብ ቅጠል እያጨሱ ማደር የሚባለውን በበኩሌ ብዙም አላምንበትም፣ ጭሱ ሙቀቱን አያስቀረውም፣ ግን ለጎረቤታችን ለአያ ይሄን ማን ደፍሮ ይነግራል።

ቤት ውስጥስ? ሰሞኑን የተወለዱ ግልገሎችን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ጾም ስለሆነ ቅቤ ምናምን የለም፣ ትኩስ አጥሚትና ተልባ ይበቃል። አረቄ ያሞቃል የምትሉ ሰዎች ደሞ፣ ቆዳችሁ ነው የሚሞቀው፣ ሰውነት ሙቀቱን እየለቀቀ ነው፣ ጠጥቶ ውጭ የሚያድር ሰው በጣም ነው የሚጎዳው። ከሁሉ በላይ ግን ከሰል፣ በእናታችሁ ማንደጃ ይዛችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ፣ ፍሙ ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይዱ አለ፣ ሽታ የለው ቀለም የለው፣ በእንቅልፍ ላይ እንዳሉ ይወስዳል። ቤቱ ከሞቀ በኋላ ማንደጃውን ደጅ አውጡና ባናውን ደርቡ።

ሐሙስ ጠዋት ተነስታችሁ ቅጠሉ ጠቁሮ ብታገኙትም ወዲያው አትንቀሉት፣ ከአፈር ስር ያለው ግንድ ደህና ከሆነ እንደገና ያቆጠቁጣል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ታገሱና እዩት።