ሎውል፦ በፕላኑ ላይ ያልነበሩት ሰዎች

(ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሎውል ከቦስተን በስተሰሜን፣ በባቡር አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሚደረስባት የማሳቹሴትስ ከተማ ናት። የሜሪማክ ወንዝ ፖታኬት በተባለው ፏፏቴ ላይ አሥር ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ የቦስተን ባለሀብቶች ይህን የውሃ ጉልበት አይተው በ1820ዎቹ መጀመሪያ አሮጌውን የመርከብ ቦይና በዙሪያው የነበረውን የእርሻ መሬት ገዙ። ሜሪማክ የተባለው የመጀመሪያው የጥጥ ኩባንያ በ1822 ተቋቋመ፤ በ1836 ደግሞ ቦታው ሕጋዊ ከተማ ሆነ። ስሙን የሰጠው ፍራንሲስ ካቦት ሎውል ከተማዋን ሳያያት በ1817 ሞቷል። ሰውየው እንግሊዝ አገር ሳለ የሽመና መኪናዎችን እየተዘዋወረ ተመልክቶ፣ ንድፋቸው ከአገር እንዳይወጣ በሕግ የተከለከለ ስለነበር፣ ያየውን በጭንቅላቱ ይዞ ተመለሰ። ዛሬ ቢሆን የኢንዱስትሪ ስለላ ይባል ነበር፤ ለእሱ ግን ከተማ ተሰየመለት።

ስለ ሎውል ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ አእምሮዬ የሚመላለሰው ፕላኑ ላይ ነው። ቦዮቹን፣ ፋብሪካዎቹን፣ ሠራተኞቹ የሚያድሩባቸውን ቤቶች፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ኋላም ሆስፒታሉን ያቆሙት ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው። ከኒው ኢንግላንድ የገበሬ ቤቶች የተመለመሉት ወጣት ሴቶች በበጋ ከሌሊቱ 10፡30 ላይ በፋብሪካው ደወል ይነሣሉ፣ በሳምንት ወደ 73 ሰዓት ይሠራሉ፣ ማታም የማደሪያቸው በር 4 ሰዓት ላይ ይዘጋባቸዋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ግዴታ ነበር። የአደረጃጀቱ ጥራት ያስደንቃል። ግን ቤቱም፣ ደሞዙም፣ መቅደሱም የአንድ ጌታ በሆነበት ከተማ፣ ሰው ቅሬታ ቢኖረው ለማን አቤት ይላል?

የዚህን ጥያቄ መልስ በከፊል ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ሰው ዘንድ ነው። የኩባንያው ወኪልና የከተማዋ እውነተኛ ገዢ የነበረው ከርክ ቡት የቅድስት አን ቤተ ክርስቲያንን ሲያሠራ ቲዮዶር ኤድሰን የተባለ ወጣት ቄስ አስመጣ። ኤድሰን እንጀራው በኩባንያው እጅ ነበር። በ1832 ግን ሕዝቡ በራሱ ግብር ሁለት ትልልቅ ትምህርት ቤቶች ይሥራ የሚል ሐሳብ ሲነሣ፣ ወጪው የሚያርፈው በዋናዎቹ ግብር ከፋዮች በኩባንያዎቹ ላይ ስለነበር፣ ቡት አጥብቆ ተቃወመ። ቄሱ በከተማው ስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ቆሞ ቀጣሪውን ተከራከረ፤ ድምፅ ሲሰጥም ትምህርት ቤቶቹ እንዲሠሩ ተወሰነ። ቡት ተቀይሞ ከኤድሰን ቤተ ክርስቲያን ወጣ፤ ኤድሰን ግን ቡት ከሞተ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት እዚያው ሲያገለግል ኖረ። ከሎውል ተቋማት ሁሉ የእኔን ሐሳብ ይበልጥ የሚይዘው ይህ ስብሰባ ነው፤ ምክንያቱም ኩባንያው ያልተቆጣጠረው የመጀመሪያ ቦታ እሱ ይመስለኛል።

ሴቶቹ ያ ስብሰባ አልተፈቀደላቸውም፤ ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለጉ። በ1834 ደሞዝ ሲቀነስ፣ በ1836 ደግሞ የማደሪያው ዋጋ ሲጨመር ሥራ አቆሙ፤ ሁለቱም አድማዎች ብዙ አልቆዩም። በ1840ዎቹ በሣራ ባግሊ መሪነት ማኅበር አቋቁመው የሥራው ቀን በአሥር ሰዓት እንዲወሰን በሺህ የሚቆጠር ፊርማ አሰባሰቡ፣ በ1845ም በክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው መሰከሩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ የሎውል ጋዜጣ ባለቤት ነበር፤ ኮሚቴውም ችግሩን ካመነ በኋላ መፍትሔው የሕግ አውጪው ሥራ አይደለም ብሎ አሰናበታቸው። ሴቶቹ ተመልሰው በሚቀጥለው ምርጫ ሰውየውን ለመጣል ቀሰቀሱ፤ ሰውየውም ወደቀ። የአሥር ሰዓቱ ሕግ ማሳቹሴትስ ውስጥ የወጣው ግን በ1874 ነው፤ ያን ጊዜ ከፈራሚዎቹ ስንቷ ወይ አግብታ፣ ወይ ሳንባዋን ታማ ከፋብሪካው ወጥታ ይሆናል።

አየርላንዳውያኑ ደግሞ ጭራሽ በፕላኑ ላይ አልነበሩም። ቦዮቹን በአካፋና በዶማ የቆፈሩት እነሱ ሆነው ሳለ ማደሪያ አልተሠራላቸውም፤ ከፋብሪካዎቹ ወዲያ በድንኳንና በጭቃ ጎጆ ሰፈሩ፣ ሰፈሩም «ኤከር» ተባለ። በ1831 የቅዱስ ፓትሪክን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ኋላ ግሪኮች መጥተው በዚያው ሰፈር የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን አቆሙ።

የቡት ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው። ወደ ሽመናው አዳራሽ ሲገቡ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል፤ ከመኪናዎቹ የሚሠሩት ጥቂቶቹ ብቻ ሆነው እንኳ ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል፣ አጠገብ የቆመ ሰው የሚናገረው አይሰማም። እኔ ዓይኔን የጣልኩት መወርወሪያው ላይ ነው፦ ጫፎቹ በብረት የተለበዱ፣ ከክንድ ያጠረ እንጨት። በጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አለችው፤ ሸማኔዋ ማጉን በዚያች ቀዳዳ ለማሳለፍ አፏን አስጠግታ ትስበው ነበር፣ በየቀኑ፣ ሌሎች ሴቶች አፋቸውን ባሳረፉበት እንጨት ላይ። ጥጡም የመጣው ከደቡብ፣ በባርነት ከተያዙ ሰዎች እጅ ነው። እዚሁ የተሸመነው ርካሽና ሻካራ ጨርቅ ተመልሶ ለእነዚያው ባሪያዎች ልብስ ይሸጥ ነበር፤ እነሱም ጨርቁን ራሱን «ሎውል» ይሉት ነበር። የኒው ኢንግላንድ ያልነጣ ጨርቅ በሳሌም፣ ማለትም በማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ፣ ነጋዴዎች መርከብ ዛንዚባርና ቀይ ባሕር ድረስ ይደርስ ነበር። በ1903 የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ሲፈራረምም ከዋና ዋና ምክንያቶቹ አንዱ አያቶቻችን የለበሱት የአሜሪካ አቡጀዲ ገበያ ነበር።

ስለ ውድቀቱ ብዙ አልጽፍም፤ ፋብሪካዎቹ ወደ ደቡብ ሄዱ፣ ሕንፃዎቹ ባዶ ቀሩ። ዋንግ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ መጥቶ ከተማዋን እንደገና አንቀሳቀሰ፣ በ1992 ደግሞ እሱም ከሰረ። በአንድ ጌታ ላይ መደገፍ ሁለት ጊዜ ምን እንደሚያመጣ ሎውል አይታለች። በመካከሉ ግን ፓትሪክ ሞጋን የተባለ የትምህርት ሰው ከተማዋ ራሷ ሙዚየም ትሁን ብሎ ለዓመታት ወተወተ፤ የሎውል ተወላጅ የሆነው የኮንግረስ አባል ፖል ሶንጋስ፣ የግሪክ ስደተኞች ዘር፣ ሐሳቡን ዋሽንግተን ድረስ ወስዶ በ1978 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ አደረገው።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ የካምቦዲያ ስደተኞች መጡ፤ ዛሬ ከካሊፎርኒያዋ ሎንግ ቢች ቀጥሎ በአሜሪካ ብዙ ካምቦዲያውያን የሚኖሩባት ከተማ ሎውል ናት። ይሁንና ዘጠኙም የምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በመላው ከተማ ድምፅ ስለነበር ከእነሱ ወገን የሚገባ ሰው እምብዛም አልነበረም። በ2017 ነዋሪዎች ከተማዋን በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ፣ በ2019 ስምምነት ተደረገ፤ አሁን ስምንት አባላት በየሰፈሩ፣ ሦስት ደግሞ በጠቅላላው ይመረጣሉ። በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው ምርጫ በ2021 ተካሄደ፤ በጥር 2022 ምክር ቤቱ በልጅነቱ ከካምቦዲያው ጨካኝ አገዛዝ ከክመር ሩዥ ያመለጠውን ሶካሪ ቻውን ከንቲባ አደረገ፣ በአሜሪካም የመጀመሪያው ካምቦዲያዊ ከንቲባ ሆነ። ምክር ቤቱ ማክሰኞ ማታ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ይሰበሰባል፤ አንድ ማክሰኞ ሄጄ ከኋላ ወንበር ልቀመጥ አስቤአለሁ።